እናቴ የሮጠችበት ጠዋት

በእኛ ከተማ ትልቅ ሰው አይሮጥም። ልጅ ይሮጣል፤ ኳስ ተጫዋች ይሮጣል፤ ደመና ሲጠቁር ቡና ያሰጣ ሰው ሸራ ይዞ ይሮጣል። የልጅ ልጅ ያየች፣ በእድር የተከበረች ሴት በማለዳ መንገድ ላይ ከሮጠች ግን አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ወይ ቤት ተቃጥሏል፤ ወይ ሰው ሞቷል።

ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ ከሥራ በፊት መሮጥ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈው ነበር፤ እዚያ የሚሮጥ ሰው ቢታይ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ሰው ሲቆይ የአገሩን ልማድ አይረሳም፤ ልማዱ የሚሠራበትን ሰዓት ነው የሚረሳው።

ጊዜው ባጃጅ ሚዛን ተፈሪ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሞባይል በየኪሱ ነበር፤ ኔትወርኩ ግን ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ታናሽ እህቴ ቴፒ ነርስ ናት። አንድ ቀን ለዜና ስብሰባ ልገባ ስል ደወለችልኝ።

"የእማዬ ስኳር አልወርድ ብሏል" አለችኝ። "መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ ምግብም ትጠነቀቃለች። ግን ተቀምጣ ነው የምትውለው። ተንቀሳቀሺ ስላት 'ከጓዳ ሳሎን ስመላለስ እውላለሁ' ትለኛለች። እግሯ መደንዘዝ ጀምሯል። በእግር የመጣ ስኳር ምን እንደሚያደርግ በየቀኑ ነው የማየው። አንተ ና፤ አንተን ትሰማለች።"

"እኔን ሰምታ ታውቃለች?"

"ቢያንስ አንተን አትሰድብህም።"

ፈቃድ ስጠይቅ ከቅበላ ጋር አገጣጠምኩት። በየዓመቱ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ በመጨረሻዋ የፍስክ እሑድ፣ ቤተ ዘመዱ ቴፒ የአባቴ ታናሽ ወንድም ግቢ ይሰበሰባል። በግ ይታረዳል፤ ልጆች እሽቅድምድም ይሮጣሉ፤ ትልልቆቹ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ ወሬ ያወጣሉ። አባቴ ሁልጊዜ ቀደም ብሎ ይሄዳል፤ በጉን የሚመርጠው እሱ ነው። "ወንድሜ በግ የሚመርጠው በጸጉሩ ነው" ይላል። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ከተማው ውስጥ ከግማሽ የማያንሰውን ሰው ያስተማረ ይመስለኛል፤ በግ ስለ መምረጥ ግን ሌላ ሰው አስተምሮ አያውቅም፤ ምስጢሩን ለራሱ ይዞታል።

ሐሙስ ማታ ሳልነግራቸው ደረስኩ፤ አባቴ ቀድሞ ቴፒ ሄዷል። ሻንጣዬን ይዤ ከባጃጅ ስወርድ ጎረቤቶቻችን በራቸው ላይ ነበሩ፤ በእጄ ሰላም ብያቸው ገባሁ። እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። አቅፋ ሳመችኝና ወዲያው ራቅ ብላ አየችኝ።

"ለምን መጣህ?"

"ለቅበላ።"

"ቅበላ እሑድ ነው፤ ዛሬ ሐሙስ ነው። እህትህ ናት አይደል? እሷ ነርስ ከሆነች ወዲህ ሰው ሁሉ በሽተኛ ይመስላታል።"

ስለ ስኳር አላነሳሁም። ጠዋት ጠዋት መሮጥ እንደ ለመድኩ፣ የሰፈሩ ውሾች ግን ስለማያውቁኝ ብቻዬን መውጣት እንደ ፈራሁ ነገርኳት።

"ታዲያ ለውሻ እኔን ልትሰጥ ነው?"

"አንቺን ያውቁሻል። እየተራመድሽ ሸኚኝ፤ ሌላ አልፈልግም።"

ምስሩን ወደ ጎን አደረገች። ከዚያ "የእህትህ ሸራ ጫማ አልጋ ሥር አለ፤ ካልጠበበኝ" አለች። ይህን ያህል በቀላሉ እሺ ትላለች ብዬ አልጠበቅሁም። አሁን ሳስበው፣ እሷም የሚጠይቃት ሰው እየጠበቀች የነበረ ይመስለኛል።

በዚያ ሳምንት የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ነበር። የቡናው እምቡጥ አብጧል፤ ግቢያችንም ቀይ ጭቃ ሆኗል። የሚዛን ጭቃ ነጭ ልብስ ላይ ካረፈ በአንድ እጥበት አይለቅም። እናቴ ገና ጎህ ሲቀድ በጥሩ ነጠላዋ ብቅ አለች፤ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሳት፣ ሰፊ አረንጓዴ ጥለት ያላት።

"ይቺን ለጭቃ?" አልኳት።

"ልጄ ከአዲስ አበባ መጥቶ አብሬው ስወጣ አሮጌ ልልበስ?"

ጭቃው እንዳይነካባት ግን ነጠላዋን ገልብጣ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻዋ አደረገችው፤ ጫፉንም ወገቧ ላይ አሰረችው። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ሐዘን ላይ ነው። ይህንን የማያውቅ የእኛ አገር ሰው የለም፤ እኔም አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። በዚያ ሰዓት ግን ሁለታችንም የምናስበው ስለ ጭቃው ብቻ ነበር።

ከሚዛን ወደ አማን የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። መጀመሪያ ተራመድን። ጭጋጉ ከዛፎቹ አልተነሣም። ገና የሰፈራችን መውጫ ላይ አንዲት ሴት ዳቦ ቤቷ ደጃፍ ላይ ትጠርግ ነበር፤ ቀና ብላ አየችንና መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች። እናቴ መንገዱ ሲያዘቀዝቅ ፈጠን ፈጠን አለች። እኔም እንድትለምደው ብዬ ዱብ ዱብ ማለት ጀመርኩ። በኋላ ከአጠገቤ አንድ ነገር አለፈ። እናቴ ነበረች።

እናቴ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ክርኗን ወደ ጎኗ ሰብስባ፣ አጠር አጠር ባለ እርምጃ፣ እንደ ልጃገረድ ነው የምትሮጠው። ዞር አለችና ሳቀች። "ቁልቁለቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!" አለችኝ። ትንፋሿ አጥሯል፤ ፊቷ ግን በርቷል። በሙያዬ ብዙ ሩጫ ዘግቤያለሁ፤ ማን ቀደመ፣ በስንት ሰዓት ገባ እያልኩ ጽፌያለሁ። ያን ጠዋት ያየሁትን ዓይነት ግን ጽፌ አላውቅም።

አንድ ባጃጅ ከኋላችን መጥቶ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሹፌሩ ወጣት ነው።

"እማማ፣ ግቡ ላድርሳችሁ፤ ብር አልቀበልም።"

እናቴ መናገር ስላልቻለች እጇን በአየር ላይ አወዛወዘች፤ ተወን፣ እንሂድበት ለማለት። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለና ባጃጁን አዙሮ ወደ ላይ በረረ። ቃሉን ሰምቻለሁ። ትሕትና የበዛበት ልጅ ነው ብዬ አለፍኩት።

ስንመለስ ዳገቱን በእርጋታ ወጣነው። ልቧ ሲረጋ ስለ ድሮው አወራችኝ፤ አባቴን ካገባች በኋላ በአውቶቡስ ከሰሜን ወደዚህ ስትመጣ ዛፍ ብቻ ስለ ታያት "ከተማው የት ነው?" ብላ ማልቀሷን፤ እሱም "ከዛፉ ሥር ነው" ማለቱን። ነገም እንወጣለን ተባባልን። ለቅበላ ቴፒ ስንሄድም ከልጆቹ ጋር እንደምትሮጥና የአጎቴን ሚስት እንደምትቀድም ዛተች።

ጥጉን ስንዞር የቤታችን በር ታየን። ሰው ሞልቶታል።

መርዶ በእኛ ዘንድ በማለዳ ነው የሚነገረው። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ ሰውየው ወደ ሥራው ሳይወጣ በሩ ላይ ይደረሳል። ስለዚህ በጠዋት በሩ ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ ያየ ሰው ማንም ሳይነግረው ያውቃል። እናቴ ቆመች። እጄን ያዘችኝ። በግቢው ውስጥ የእድሩ ዳኛ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። የጅማዋ ባለሱቅ ጎረቤታችን ሻርፗን አፏ ላይ ይዛለች። ጡሩምባ ነፊው ሽማግሌ ጡሩምባቸውን በብብታቸው ይዘው አጥሩን ተደግፈዋል። የቤቱ ሰዎች አራት ነን፤ እኔና እሷ እዚህ ቆመናል፤ ቀሪዎቹ ሁለቱም ቴፒ ናቸው። እህቴ ትናንት ማታ በስልክ አነጋግራናለች። የሚቀረው አባቴ ነው።

ያን ያህሉን እኔም አሰብኩ። ከዚያ እናቴ ጮኸች።

እሷ ስትጮህ እነሱ ጮኹ። እሷ ያለቀሰችው እነሱ መርዶ ይዘው መጥተዋል ብላ ነው፤ እነሱ ያለቀሱት እሷ ሰው ሞቶባታል ብለው ነው። አንዱ ወገን ሌላውን ባየ ቁጥር ይብስበታል። እናቴ ደረቷን እየመታች አባቴን ጠራችው፤

"ሳልቀድምህ! እኔ ሳልቀድምህ! ዝናብ ሲመጣ ገበያው ጫፍ ጃንጥላ ይዘህ የምትጠብቀኝ፣ 'ላንቺ ብዬ አይደለም፣ ለሽንኩርቱ ነው' የምትለኝ! ተኝታለች ብለህ እግሬን ስታሽልኝ ነቅቼ ነበር! ሁልጊዜ ነቅቼ ነበር! እንዳታቆምብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት!"

ይህን ሲሰሙ የአባቴ ተማሪዎች የነበሩ ትልልቅ ወንዶች አለቀሱ። "መምህሬን!" አለ አንዱ። የጅማዋ ጎረቤታችን እናቴን አቅፋ ስታለቅስ የራሷን ወንድም ስም ስትጠራ ሰማኋት፤ ሩቅ አገር ሞቶ ያልቀበረችው ወንድሟን። ለቅሶ ቤት ሰው የሚያለቅሰው የራሱንም ነው።

ሥራዬ መጠየቅ ነው። በሌላ ሰው ደጅ ላይ ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ፤ እንባዬን ይዤም ጠይቄ አውቃለሁ። ወደ እድሩ ዳኛ ሄድኩና አንደበቴ እየተያያዘ፣

"ጋሼ፣ እንዴት ሆኖ ነው የሞተው?" አልኳቸው።

"ማን?"

"አባቴ።"

"እኛ እንጃ ልጄ። እኛ ማን እንደ ሞተም አልሰማንም። አንተ ንገረን እንጂ።"

"እናንተ አይደላችሁም እንዴ መርዶ ይዛችሁ የመጣችሁት?"

ዳኛው ወደ ጎረቤቶቹ ዞሩ። ጎረቤቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ነገሩ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ተጠየቀ። ልጁ ከአዲስ አበባ ማታ በድንገት መጣ። በጎህ እናቱን ይዞ ወጣ። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ትሮጣለች። የባጃጁ ሹፌር ላድርሳችሁ ሲላት መናገር አቅቷት እጇን ብቻ አወዛወዘች። እንደ ዘጋቢ ብፈርድ የያዙት ማስረጃ አንድም ሐሰት የለበትም ነበር። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ሐዘንተኛ እንዲህ አይጠየቅም፤ አብሮ ይለቀሳል እንጂ፤ ደግሞም እያንዳንዱ ሌላው ያውቃል ብሎ ነው የመጣው።

እናቴ ብቻ ገና ታለቅስ ነበር። ጡሩምባ ነፊው፣ አማርኛቸው የቤንችኛ ቃና ያለው ትዕግሥተኛ ሰው፣ ከአጥሩ ቀና ብለው፣

"ታዲያ ልንፋ ወይስ ልመለስ?" አሉ።

አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ዝም ሊያሰኘው ሞከረና እሱም ሳቀ። እኔ ስልኬን ይዤ ኔትወርክ ፍለጋ ግቢውን ዞርኩት፤ ከሽንት ቤቱ ጀርባ የሙዝ ተክሉ ሥር አገኘሁት። አባቴ በጥሪው መጨረሻ ላይ አነሣ፤ ከኋላው በግ ይጮሃል።

"ሃሎ! ምንድን ነው በዚህ ጠዋት? በግ ይዣለሁ፤ እያመለጠኝ ነው።"

ስልኩን ለእናቴ አቀበልኳት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች። "ሃሎ! ሃሎ! ማን ነው?" ሲል ከሩቅ ይሰማል። ስልኩን መልሳ ሰጠችኝና ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች።

የጅማዋ ጎረቤታችን ንፍሮ ጥዳ ነበር። "ስንዴው በስሏል፤ ምን ላድርገው?" አለች። እህል አይጣልም ተባለና ሰው ሁሉ በየእፍኙ ቆሞ በላ። ጥቂት ቆይቶ የሴቶቹ ድምፅ በመስኮት መግባት ጀመረ።

"ለሽንኩርቱ ነው አላት?"

"እኔን የሚያሸኝ ባገኝ፣ ነቅቼ ሳይሆን ሞቼም ዝም እላለሁ!"

"የኛዎቹ መቼ እግር እንዳለን ያውቃሉ!"

ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ቅናት ነበረበት። እናቴ ግን ጓዳ ሆና ሁሉንም ትሰማለች። በእሷ ትውልድ ሚስት ባሏን እንዲህ የምታወድሰው ከሞተ በኋላ ነው። እሷ በቁም ተናገረችው፤ ያውም በጎረቤት ሁሉ ፊት፤ ያውም እሱ ራሱ ሊሰማው ነው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሯን አንኳኳሁ። "አልወጣም" አለች። ሸራ ጫማው ተጠርጎ አልጋ ሥር ተመልሷል። ሱቅ እንኳ አልሄድም ብላ ጨው ከጎረቤት አስመጣች። ስለ ቴፒ ሳነሳባት ምስሯን እየለቀመች፣ "እናንተ ሂዱ፤ ቤት ማን ይጠብቃል?" አለች።

"አባዬስ? ይጠብቅሻል እኮ።"

"እሱ ስላለ ነው የማልሄደው" አለች፤ ጆሮዋ እስኪቀላ ድረስ አፍራ።

እህቴ ደወለች። ወሬው ቴፒ ደርሶ ነበር። እየሳቀች ጀመረችና ስትጨርስ አልሳቀችም። "አሁን ጨርሶ አትነሣም። እኔ ቃል አላገኘሁላትም። እባክህ፣ አንተ ጸሐፊ ነህ፤ አንድ ነገር በላት።" ተቀምጣ በዋለች ቁጥር ስለ እግሯ ነበር የማስበው።

እኩለ ቀን ሳይሆን የግቢው በር ተከፈተ። አባቴ ነው። በጉን ለወንድሙ ትቶ በጠዋቱ መኪና መጥቷል፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። እኔን በዐይኑ ሰላም አለኝና እናቴ ወደ ተቀመጠችበት በረንዳ ሄደ። ቀና ብላ አላየችውም።

"ማን ሞተ አሉ?" አላት።

"ተወኝ።"

"ለማን ነው እንዲያ ያለቀስሽው? ደህና ሰው ይመስላል።"

"ተወኝ አልኩህ እኮ።"

"ሽንኩርቱንም ተናግረሽዋል አሉ።"

ምስሯን አስቀመጠች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው። አባቴ አጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

"ነቅተሽ ነበር ለካ" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"እንቅልፍ ይወስደኛል እንዴ? እጅህ እንደ ሞረድ ይሻክራል።"

ቧንቧው ዘንድ ጫማ የማጥብ መስዬ ቆሜ ነበር። ቧንቧውን ዘጋሁና ወደ ውጭ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ወደ ቴፒ ሄድን። በዚያች ሌሊት የቡናው አበባ ፈነዳ። ጠዋት የአጎቴን ቤት በር ስንከፍት ከግቢው ጀርባ ያለው ማሳ ነጭ ሆኗል፤ ሽታው ቤቱ ድረስ ገብቷል። ይህ ሽታ ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም። ስለዚህ ያገሩ ሰው ሲፈነዳ ሥራ ፈትቶ ይወጣና ዝም ብሎ ይቆማል። እኛም ቆምን።

በጉ ከመታረዱ በፊት ልጆቹ ከአጎቴ በር እስከ ድልድዩ ደርሰው ለመመለስ ተሰለፉ። እኔም ከእነሱ ጋር ቆምኩ፤ እህቴም ቀሚሷን ሰብስባ ተሰለፈች። እናቴ የዋንዛው ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሁላችንንም ሹራብ ጭኗ ላይ ይዛለች።

"እማማ፣ አትሮጪም?" አለቻት የእህቴ ልጅ።

"እኔ ልብስ ጠባቂ ነኝ።"

አጎቴ ቢላውን እየሳለ፣ "እኔ ስሞትም እንደዚያ ታለቅሺልኛለሽ?" አላት።

"አንተ መጀመሪያ በግ መምረጥ ተማር።"

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ቀልዱን ለምዳዋለች፤ ከባሏ ጋርም ታርቃለች፤ ምሳ ላይ ሲጎራረሱ አይቻለሁ። ከበርጩማው ግን አልተነሣችም። እህቴ ከመብላታችን በፊት ስኳሯን ለካቻት፤ መለኪያውን ወደ እኔ አዘንብላ አሳየችኝ፤ ቁጥሩ አልወረደም። ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። አባቴ ይህንንም አየ።

ማምሻውን ወደ ሚዛን ስንመለስ እናቴ ፊት ወንበር ላይ አንቀላፋች። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ስትሮጥ ምን ትመስል ነበር?"

ያየሁትን ብቻ ነገርኩት። "ክርኗን ወደ ጎኗ ትሰበስባለች። እርምጃዋ አጭር ነው፤ ግን ፈጣን ነው። ቀድማኝ ነበር። ዞር ብላ ትስቅ ነበር።"

በመስኮቱ ወደ ቡናው ተመለከተ። "እኔ አይቻት አላውቅም" አለ።

ሰኞ፣ ሁዳዴ የገባ ዕለት፣ የአዲስ አበባ አውቶቡስ በጠዋት ስለሚነሣ ጎህ ሳይቀድ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። አባቴ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል፤ የማስተማሪያ ጊዜው ቆዳ ጫማ ነው፤ ሌላ የለውም። አጠገቡ የእህቴ ሸራ ጫማ ተደርድሯል።

"ነይ ውጪ" ብሎ ወደ ውስጥ ተጣራ።

እናቴ ብቅ አለች። "የት?"

"መንገድ። እንሮጣለን።"

"አበድክ? ሰው ምን ይላል?"

"ምን ይላል? የዚያን ቀን ሞቷል የተባለው እኔ አይደለሁም? ስላላዩኝ ነው። ዛሬ አጠገብሽ ነኝ። እኔ እየሮጥኩ ማን ሞተ ይላሉ?"

"ልጅቷስ? ይሄኔ እሷ ናት ይላሉ፤ አፍ አያርፍም።"

"አሁን ደውዬላታለሁ። ከእንቅልፌ ቀሰቀስከኝ ብላ ተቆጥታለች። ደህና ናት። ልጅሽ ደግሞ ይኸው ሻንጣውን ይዞ ቆሟል።"

እናቴ ወደ እኔ አየች፤ እውነት መሆኑን እንዳረጋግጥላት ይመስል። ራሴን ነቀነቅሁ። ተመልሳ ገባችና በነጠላዋ ወጣች። በሌሊት ዘንቦ ነበር፤ ሳታስበው ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋዋለች። አባቴ ተነሥቶ ነጠላውን ከትከሻዋ አነሣው፤ በሁለት እጁ ዘርግቶ አዞረና ጥለቱን ወደ ታች አድርጎ መልሶ አለበሳት። ወገቧም ላይ አሰረላት፤ ቋጠሮው ስላልሆነለት ሁለት ጊዜ ፈታው።

"ጭቃው!" አለችው።

"ይታጠባል።"

"ማን ሊያጥበው?"

"እኔ።"

በር ላይ ተሳሳምን። እነሱ ሰው የማይበዛበትን የአማንን ቁልቁለት ትተው ወደ መናኸሪያው፣ ሰው ወደሚበዛበት መንገድ ወጡ፤ ያንን የመረጠው አባቴ ነው። የሰፈራችን መውጫ ላይ የዳቦ ቤቷ ሴት መጥረጊያዋን ይዛ እንደ ገና ቀና ስትል እኔ ከኋላቸው እየሄድኩ ነበር።

"ደህና ናችሁ?" አለች፣ በስጋት።

"አለን!" አለ አባቴ፣ ቆሞ ሳይሆን እየሮጠ፣ ክፍል ውስጥ በሚጮኽበት ድምፁ። "ሁላችንም አለን!"

አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ወጥቶ ዳገቱን ሲይዝ ደረስንባቸው። አባቴ ጉልበቱን ይዞ ወደ ኋላ ቀርቷል። እናቴ ክርኗን ወደ ጎኗ ሰብስባ ከፊቱ ናት፤ አረንጓዴው ጥለት ግማሹ ቀይ ሆኗል። ዞር ብላ አንድ ነገር አለችው፤ ያለችውን አልሰማሁም። ረዳቱ ከደጃፉ ብቅ ብሎ አያቸውና ወደ እኛ ዞረ።

"እነዚህ ትልልቅ ሰዎች ምን ሆነው ነው በጠዋት? ሰው ሞቶባቸው ነው እንዴ?"

"ማንም አልሞተም" አልኩት። "እየሮጡ ነው።"